ቀለብ የሚቆርጠው ወረቀት የሚሻሻልበትንም መንገድ ይንገረን

ለቤተሰብ ችሎት ዳኞች፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ የልጅ ቀለብ ለሚያስፈጽሙ መስሪያ ቤቶች በሙሉ

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቀለብ ተቀባይ እናት ሆኜ ነው። ከፋይ አይደለሁም። አስቀድሜ ይህን የምናገረው፣ የቀለብ ትዕዛዝ ይሻሻል ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ከልጁ ሊሸሽ የሚፈልግ አባት ስለሚታየው ነው። የኛ ታሪክ እንደዚያ አይደለም። ተስማምተን ልጃችንን እያሳደግን ሳለ አንድ ያላወቅነው ነገር አጣላን። ሌሎች ወላጆችን እንዳያጣላ ነው የምለምናችሁ።

ትዕዛዙ ሲሰጥ ልጃችን ሦስት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱ አምስት ገጽ ነው። በየወሩ ስንት እንደሚከፈል ይናገራል። በስንተኛው ቀን እንደሚከፈልም ይናገራል። ካልተከፈለ ምን እንደሚከተል ደግሞ ከአንድ ገጽ በላይ ይዘረዝራል። ከደመወዝ ይቆረጣል፣ መንጃ ፈቃድ ሊታገድ ይችላል፣ እስርም ሊመጣ ይችላል ይላል። ከፋዩ ሥራ ቢያጣስ? ቢታመምስ? የልጁ ወጪ እጥፍ ቢሆንስ? ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ አንድም መስመር የለውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የልጄ አባት የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ቀነሰ። እሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ማታ ደውሎ ነገረኝ። በጣም አፍሮ ነበር። "ሥራ እስክታገኝ ግማሹን ክፈል፣ ግድ የለም" አልኩት። ልቡ እንዲያርፍ በስልክ መልእክትም ጻፍኩለት። እሱም ግማሹን አንድም ወር ሳይዘል ከፈለ። አንዳንድ ቅዳሜ ልጁን ይወስድና ጫማ ገዝቶለት ይመልሰዋል። እኛ ነገሩን ጨርሰናል ብለን ነበር።

መዝገቡ ላይ ግን አላለቀም። ያልተከፈለው ግማሽ በየወሩ ውዝፍ እየተባለ ይደመር ነበር። በአሥራ አራተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። እሱ አዲስ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ከመደበኛው ቀለብ ሌላ የውዝፉ ክፍያም ከደመወዙ እንዲቆረጥ ለአሠሪው ተጽፏል። ደወለልኝ። "ከሰስሽኝ?" አለኝ። አልከሰስኩህም ብለው አላመነኝም። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልተለዋወጥንም። ልጁን ሊወስድ ሲመጣ እኔ ከውስጥ አልወጣም ነበር። ልጄ ጫማውን እያሰረ "ለምን አትወጪም?" ይለኝ ነበር።

መስሪያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። የጻፍኩለትን መልእክት ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁ። ሠራተኛዋ በትሕትና ነው ያስተናገደችኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "ማመልከቻ ያስገባችሁት መቼ ነው?" አላስገባንም። ማመልከቻ የሚባል ነገር እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረንም። "እንግዲያው ትዕዛዙ እንዳለ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉ ከአገር አገር በዝርዝሩ ይለያያል፣ መሠረቱ ግን በብዙ ቦታ ይቀራረባል። ፍርድ ቤት የሰጠውን ትዕዛዝ የሚለውጠው ፍርድ ቤቱ ራሱ ወይም ሕግ ሥልጣን የሰጠው መስሪያ ቤት ነው። እናትና አባት በስልክ የተባባሉት ትዕዛዙን አይነካውም። ቀለቡ የልጁ ነው፣ እኔ ለልጁ የምቀበል ሰው ነኝ። የልጁን መብት በአንድ ማታ ስልክ ልቀንሰው አልችልም ማለት ነው። ደግሞም አስፈራርቶ ወይም ለምኖ "ተስማምታለች" የሚል አይጠፋም። ይህን ሳስበው ጥንቃቄው ይገባኛል።

ውዝፍን በሚመለከት የአሜሪካው ሕግ በጣም ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሴናተር ቢል ብራድሌይ ስም የሚጠራ ማሻሻያ ወጣ። በዚህ ሕግ የእያንዳንዱ ወር ቀለብ የመክፈያ ቀኑ ሲያልፍ በራሱ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ዳኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንሰው አይችልም። ሊነካው የሚችለው የማሻሻያ ማመልከቻ ቀርቦ ለሌላው ወላጅ ማስታወቂያ ከደረሰበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ነበር። ምክንያቱን ሳውቅ ግን ዝም አልኩ። ለዓመታት ሳይከፍሉ ቆይተው፣ ሲያዙ ዳኛ ፊት ቀርበው "አልነበረኝም" በማለት ውዝፉን የሚያስቀንሱ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ተበድራ ልጁን ያሳደገችው እናት ገንዘቧን ማን ይመልስላታል?

ካናዳ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮሉቺን ጉዳይ ወሰነ። አባትየው 170 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ ውዝፍ ነበረበት። ገቢዬ ቀንሶ ስለነበር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቀንሱልኝ አለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የገቢውን ሁኔታ በጊዜው አላሳወቀም፣ በኋላም በበቂ ማስረጃ አላሳየም። የካናዳ ሕግ ወደ ኋላ ለመመለስ ከአሜሪካው ይልቅ በር ይከፍታል። ግን እዚያም ቢሆን ነገሩ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። መቼ አሳወቅህ?

ስለዚህ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ቀኑ ነው። ሥራ የጠፋበት ቀን፣ የታመሙበት ቀን፣ ወይም እኔና እሱ በስልክ የተስማማንበት ቀን ሳይሆን፣ ማመልከቻው የገባበትና ሌላው ወገን የሰማበት ቀን። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ በዚያው ሳምንት እናመለክት ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ ውዝፍ አይቆለልም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የጎደለን ገንዘብ ሳይሆን አንድ የማመልከቻ ወረቀት ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው "የሁኔታ ለውጥ" ይባላል። ትዕዛዙ ሲሰጥ የነበረው ሁኔታ መለወጥ አለበት። ለውጡም እውነተኛና ዘለቅ ያለ መሆን አለበት። የኢትዮጵያው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጆችን በሚመለከት ለተሰጠው ውሳኔ መነሻ የነበረው ሁኔታ ከተለወጠ ፍርድ ቤቱ እንደገና ሊያየው እንደሚችል ይደነግጋል። አንዳንድ አገሮች ደግሞ ለውጡን በቁጥር ይለኩታል። በብሪታንያ ቀለቡን የሚያሰላው መስሪያ ቤት በየዓመቱ ከግብር መዝገብ ገቢን እያየ ይከልሳል። ከዓመታዊው ክለሳ በፊት ስሌቱ እንዲለወጥ ግን ገቢው ቢያንስ በ25 በመቶ መለወጥ አለበት። በአውስትራሊያ ከፋዩ የዘንድሮ ገቢውን በራሱ ግምት አስመዝግቦ ቀለቡ እንዲሰላለት ከፈለገ ገቢው ቢያንስ በ15 በመቶ የወረደ መሆን አለበት። በአሜሪካ በመስሪያ ቤት በኩል የሚያልፉ ትዕዛዞችን ወላጅ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይከለስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሕይወቱ በዚያ መሐል ከባድ ለውጥ ከመጣበት ሦስት ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም።

ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ጥሎ "አሁን የለኝም" የሚል ሰው ግን በቀላሉ አያልፍም። ዳኛው በእጁ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ሊቆጥርበት ይችላል። ይህ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀለብ ለመሸሽ ብሎ ደመወዙን የሚደብቅ ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ልጆቹ ምን እንደጎደላቸውም አይቻለሁ።

በሐቅ ሥራ ያጣው ሰው ደግሞ ሐቁን በወረቀት ማሳየት አለበት። የስንብት ደብዳቤ፣ የመጨረሻ ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የግብር መግለጫ፣ የሐኪም ማስረጃ ካለ እሱን፣ ሥራ ያመለከተባቸውን ቦታዎች። የልጄ አባት ይህ ሁሉ ነበረው። የስንብት ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የት እንደሚሰጠው ነው ያላወቀው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ማመልከቻው ገብቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አሮጌው ትዕዛዝ ይሠራል። መክፈል አይቆምም። አቅም ካነሰ የተቻለው ይከፈላል እንጂ ጨርሶ አይቋረጥም። ክፍያውም ትዕዛዙ ባለው መንገድ ነው መሄድ ያለበት። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ መዝገብ ላይ የለም። ቅዳሜ የተገዛው ጫማም እንደ ቀለብ አልተቆጠረለትም። ልጄ ያን ጫማ እስኪጠበው ድረስ አድርጎታል።

መጥሪያ የሚባለውም ነገር ብዙ ሰው ያደናቅፋል። አመልካቹ ወረቀቱን መዝገብ ቤት አስገብቶ ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። ለሌላው ወላጅ ሕጉ በሚለው መንገድ ካልደረሰ ግን ጉዳዩ ይቆማል። ቀኑ ዋጋ ባለው ጉዳይ ላይ መጥሪያ አንድ ወር ሲዘገይ የአንድ ወር ውዝፍ ይወልዳል። ይህን ለአመልካቹ እዚያው መስኮት ላይ መንገር አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

እስካሁን ስለ መቀነስ ነው ያወራሁት። መጨመርም አለ፣ እሱንም አላወቅነውም ነበር። ልጄ መናገር ዘግይቶበት ነበር። አራት ዓመት ሲሞላው የንግግር ሕክምና በሳምንት ሁለት ቀን ታዘዘለት። ወጪው ከባድ ነበር። እኔ ሁለተኛ ሥራ ያዝኩ። ትዕዛዙ የተጻፈው ሕክምናው ሳይታሰብ በፊት ነው። የልጁ ፍላጎት ሲጨምርም ማመልከት እንደሚቻል፣ ይህም ራሱ የሁኔታ ለውጥ እንደሚባል ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ አባቱ ጥሩ ደመወዝ ላይ ነበር። ቢጠየቅ ይከፍል ነበር። እኔ ግን "የተወሰነው ይኸው ነው" ብዬ ተቀመጥኩ። ስንት እናት እንዲህ ተቀምጣ ይሆን? እናንተ በየቀኑ ታይዋታላችሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 ባጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 ላይ አንድ የምወደው ሐሳብ አለ። ወላጆች ለልጁ እድገት የሚያስፈልገውን ኑሮ የማሟላት ቀዳሚ ኃላፊነት አለባቸው ይላል። ግን ይህን የሚያደርጉት እንደ ችሎታቸውና እንደ ገንዘብ አቅማቸው ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ መንግሥታት ቀለቡን ከወላጅ ተቀብለው ለልጁ የማስገኘት ግዴታ ተጥሎባቸዋል። የልጁ ፍላጎትና የወላጁ አቅም ሁለቱም ይለዋወጣሉ። አንድ ቀን የተጻፈ ቁጥር ለአሥራ አምስት ዓመት ሁለቱን ሊያስታርቅ አይችልም።

መስሪያ ቤት ቀድሞ መንቀሳቀስ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የወጣ የፌዴራል ደንብ የታሰረን ወላጅ ይመለከታል። ከዚያ በፊት አንዳንድ ግዛቶች እስርን "በፈቃድ ሥራ መተው" አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እስር ቤት ያለ ሰው ላይ ውዝፉ ይቆለላል። ሲፈታ ሊከፍለው የማይችለው ዕዳ በር ላይ ይጠብቀዋል። ደንቡ ይህን አቆጣጠር ከለከለ። በተጨማሪም ወላጁ ከ180 ቀን በላይ እንደሚታሰር መስሪያ ቤቱ ሲያውቅ፣ ትዕዛዙ እንዲከለስ መጠየቅ እንደሚችሉ ለሁለቱም ወላጆች ማሳወቅ ወይም ክለሳውን በራሱ መጀመር አለበት። ለታሰረ ሰው ይህ ከተቻለ ከሥራ ለተቀነሰ ሰው፣ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ለምን አይቻልም? የደመወዝ ተቆራጩ ከአሠሪው መምጣት ሲያቆም እኮ መጀመሪያ የሚያየው መስሪያ ቤቱ ነው። ያን ቀን የሚወጣው ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይሁን። "ሥራ አጥተህ ከሆነ ይህን ቅጽ ሙላ" ይበል።

እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተርነር በሮጀርስ ላይ በሚባለው መዝገብ ቀለብ ባለመክፈሉ ስለታሰረ አባት ወስኗል። ጠበቃ የግድ ይቁምለት አላለም። ነገር ግን ጠበቃ ሳይኖረው ሊታሰር ከሆነ፣ ዋናው ጥያቄ የመክፈል አቅሙ መሆኑ ሊነገረው ይገባል አለ። ገቢውን የሚገልጽበት ቅጽ ወይም ተመሳሳይ መንገድ ይሰጠው፣ ዳኛውም አቅም አለው ወይስ የለውም የሚለውን በግልጽ ይወስን አለ። እኔ የምለምነው ከዚህ ብዙም አይርቅም። እስር ላይ ከመድረሱ በፊት፣ ትዕዛዙ በተሰጠ በመጀመሪያው ቀን ይነገረን ነው የምለው።

ከወላጆቹ አንዱ አገር ለቆ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ሰው በሚኖርበት አገር ፍርድ ቤት ሄዶ የሌላ አገር ትዕዛዝ አስቀይራለሁ ብሎ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሄግ የተደረገው የልጅ ቀለብ ስምምነት ይህን ይገድባል። ሁለቱም አገሮች የስምምነቱ አባል ከሆኑና ተቀባዩ ትዕዛዙ በተሰጠበት አገር መኖሩን ከቀጠለ፣ ከፋዩ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር በሌላ አባል አገር ትዕዛዙን ሊያስለውጥ አይችልም። ይህን ሳያውቁ በማይመለከተው ፍርድ ቤት ወራት የሚያባክኑ አሉ። እነሱም ቀናቸውን እያጡ ነው።

አሁን ልመናዬን ልናገር።

የቀለብ ትዕዛዝ ስትሰጡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከክፍያው መጠን ሥር፣ ትዕዛዙ እንዴት እንደሚሻሻል ጻፉልን። አንቀጽ ጠቅሳችሁ አትለፉን። አንድ የደከመው ሰው ማታ አንብቦ በሚገባው ቋንቋ ይሁን። ኑሮ ከተለወጠ የት እንደሚኬድ፣ የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ፣ በቃል የተደረገ ስምምነት እንደማይቆጠር፣ ዋናው ማመልከቻው የገባበት ቀን እንደሆነ፣ እስከዚያው መክፈል እንደሚቀጥል። አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። የአገሩን ቋንቋ ለማያነብ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው።

ማስረጃ አልተሟላም ብላችሁ ሰው አትመልሱ። ማመልከቻውን ተቀበሉ፣ ማኅተምና ቀን አድርጉበት፣ ቀሪውን ወረቀት በቀጠሮ ያምጣ። አንድ የጎደለ የደመወዝ ወረቀት ለማምጣት የሄደ ሰው ሳይመለስ ስንት ወር እንደሚያልፍ አስቡት።

እኔና የልጄ አባት ዓይነት ለተስማሙ ወላጆች ደግሞ አጭር መንገድ ክፈቱ። ሁለታችንም የምንፈርምበት አንድ ቅጽ ይኑር፣ ዳኛው ልጁ እንዳይጎዳ አይቶ ያጽድቀው። ይህ ያላቸው ፍርድ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እዚያም ቢሆን ቅጹ ካልተጠየቀ አይወጣም።

ስለ ቃላቱም እባካችሁ አስቡበት። ቅጹን በመጨረሻ ስንሞላ እሱ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ ተብዬ ተጻፍኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። እሱም አይቶ ደነገጠ። "አመልካች" እና "ተጠሪ" የሚል ደህና ቃል እያለ ለምን እንካሰሳለን? ብዙ ሰው የማያመለክተው "የልጄን እናት አልከስም"፣ "የልጄን አባት ፍርድ ቤት አልገትትም" ብሎ ነው። እኛም ስለ ማመልከቻው ብንሰማ ኖሮ ይህ ቃል ሊያመነታን ይችል ነበር። ይሻሻልልኝ ማለት ጠብ እንዳልሆነ ቅጹ ራሱ ይናገር።

ይህን ለምታነቡ ወላጆችም አንድ ነገር ልበል። ኑሯችሁ ተለውጦ ከሆነ ዛሬ ጠይቁ። ከሌላው ወላጅ ጋር ሰላም ከሆናችሁ ሰላማችሁን ለማቆየት ስትሉ አመልክቱ። ለጠበቃ የምትከፍሉት ከሌላችሁ የመስሪያ ቤቱን ሠራተኛ ወይም የፍርድ ቤቱን የመረጃ መስኮት ጠይቁ። ማመልከቻውን አስገብታችሁ የተቀበላችሁትን ማኅተም ያለበት ቅጂ አትጣሉት።

የኛ ጉዳይ በስተኋላ መፍትሔ አግኝቷል። ለእኔ የሚገባውን ውዝፍ በጽሑፍ መተው እንደምችል የነገረኝ ያነጋገርኩት ሦስተኛው ሠራተኛ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱ አልነገሩኝም። ግማሹን ተውኩ። ቀሪውን እሱ ራሱ "የልጁ ነው" ብሎ በትንሽ በትንሹ እየከፈለ ነው። የንግግር ሕክምናውን ወጪ ጨምረን አዲስ ትዕዛዝ ወጣ። ልጁን ሊወስድ ሲመጣ አሁን በር ላይ እወጣለሁ።

አዲሱም ወረቀት አምስት ገጽ ነው። ስለ ማሻሻል አሁንም የሚለው ነገር የለም። በመጀመሪያው ገጽ ዳር ላይ በእስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጽፌበታለሁ፦ "ነገር ከተለወጠ በዚያው ሳምንት አመልክት። መስኮት ቁጥር 4።" ለአባቱም ቅጂ ላይ ጻፍኩለት። ይህን መስመር እናንተ አትማችሁ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ልጅ እናት